ደብዳቤ አለስላሹ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ማንበብ ነበር።

በድሮ ዘመን በሮማ ከተማ፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ቤት፣ ከየአገሩ የሚመጣውን ደብዳቤ እየከፈተ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። መነኩሴ ነው። ድምፁ ያማረ፣ ልቡም ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ እንዳትፈርጂበት ብዬ ነው። ስሙን አትጠይቂኝ፤ የሌሎቹንም አትጠይቂኝ፤ ምሳሌ ነው። የትናንቱን ጥያቄሽንም አልረሳሁትም፣ ልጄ፤ እደርስበታለሁ።

በዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበር። ደብዳቤ እንደ ተጻፈ አይነበብም። ሻካራውን ቃል አንባቢው በዓይኑ ቀድሞ ያየዋል፣ ምላሱ ላይ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ያወጣዋል። «የቅዱስ አባታችን ቁርስ እንዳይመር» ይላሉ የቤቱ ሰዎች። ልማዱን እሱ አላመጣውም። ከእሱ በፊት የነበረው አንባቢ አስተማረው፤ ያንንም ከእሱ በፊት የነበረው። «ተራብን» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ በእሱ አፍ «የአባታችንን ቸርነት እንናፍቃለን» ይሆናል። «ቄሳችን ሰካራም ነው» የሚል ቢመጣ «ቄሳችን ተጫዋችና እንግዳ ተቀባይ ነው» ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አነበበ። አንድም ቀን ዋሸሁ ብሎ አስቦ አያውቅም። እንዲያውም ሰው ከሰው እያስታረቅሁ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ካርዲናሎቹ «አባ ማር» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ይወደው ነበር።

በዚያን ጊዜ የነበሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የትልቅ ቤት ልጅ ናቸው። ሥዕል ይወዳሉ፣ እብነ በረድ ይወዳሉ፣ ዘመዳቸውን ደግሞ ከሁሉ አብልጠው ይወዳሉ። የእህታቸው ልጅ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ የካርዲናል ቀይ ቆብ ደፉለት፤ በዚያ ላይ የሦስት ሀገረ ስብከት ጳጳስ አደረጉት። ጎረምሳው ከሦስቱ አንዱን እንኳ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ፈረስና ጭልፊት ግን ያውቅ ነበር። በቤቱ ውስጥ ይህን ነውር ነው የሚል ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነውር አይመስልም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንባቢው በበሩ ሲያልፍ ዘበኞች አንዲት ሴት ሲገፈትሩ አየ። የመነኮሰች የምትመስል፣ ጥቁር የለበሰች፣ ጫማዋ በገመድ የታሰረ ሴት ናት። አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለችው ነገር ዓይኑን ያዘው። የቅዱስ አባት መልክ ያለበት ትንሽ የብር ሜዳልያ ነው። ይህ ሜዳልያ የሚሰጠው ከዚያ ቤት ብቻ ነው።

«ተዋት እስቲ» አላቸው። «ይህን ከየት አገኘሽው እናቴ?»

«ከዚሁ ነው የተላከልን፤ ከተራራው ማዶ ነኝ» አለች። «እኔም የመጣሁት ስለዚሁ ነው። ደብዳቤያችን ተሳስቶ የሌላ ሰው እጅ ሳይገባ አልቀረም።»

«እንዴት?»

«እኛ የጻፍነው ጳጳሳችን እንዲመጣልን ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ደብራችንን ጳጳስ አልረገጠም። ቄሳችን ማንበብ አይችልም፤ ቅዳሴውን ያጉተመትመዋል እንጂ አይቀድሰውም። የሚያርመው የለ፣ የሚያስተምረው የለ። ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጸሐፊ ፈልጎ አስጻፈ። መልስ መጣ ሲባል ሕፃን ሽማግሌው ሳይቀር እየዘመረ ወጣ። ሲፈታ ይኸው።» ሜዳልያውን በሁለት ጣቷ አነሳችው። «ጳጳስ ጠይቀን ሜዳልያ መጣልን። ተሳስቶ ነው አይደል?»

አንባቢው ደብዳቤውን አስታወሰው። ወረቀቱ ሻካራ ነበር፤ ጽሕፈቱም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እሱ ያነበበው ግን «በሰሜን ያሉ ምእመናን ለጳጳሳቸው ያላቸው ፍቅርና ናፍቆት ወሰን የለውም» ብሎ ነበር። ቅዱስ አባትም ደስ ብሏቸው «እንዴት ያሉ ደጋጎች ናቸው! አንድ ነገር ላኩላቸው» ብለው ነበር።

«ምናልባት…» አለና ቃል ጠፋው። በሃያ ሁለት ዓመት ቃል ሲጠፋው የመጀመሪያው ነው።

«ልጄ ታሞብኝ ነበር» አለች ሴትዮዋ፤ ድምፅዋን አላነሳችም። «አንድ ልጄ ነው። ጊዜው መድረሱን ሲያውቅ ልናዘዝ አለ። ቄሱ መጣ። ተናዘዘለት። ከዚያ ቄሱ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ፤ የይፍታህ ጸሎቱን አያውቀውም። ልጄ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ያችን ቃል እየጠበቀ ሞተ። እኔ የእኔን ልጅ መልሱልኝ ልል አልመጣሁም። የሌሎቹ ልጆች አሉ።»

አንባቢው ክው ብሎ ቀረ። «ጳጳሳችሁ ማን ይባላል?» አላት።

«ስሙን አናውቀውም። ወጣት ነው፣ የትልቅ ሰው ዘመድ ነው ይሉናል።»

ያን ጊዜ ገባው። ከጎረምሳው ሦስት ሀገረ ስብከቶች አንዱ የእሷ ነው። ያ ቀይ ቆብ ሲደፋ በአደባባይ የሹመቱን ቃል ያነበበው እሱ ራሱ ነበር።

«ነገ ተመልሰሽ ነይ» አላት።

«እዚሁ እቆያለሁ» አለች። «መጠበቅስ ለምደናል።»

አሁን ደግሞ ይህን ስሚ። በዚያ ዘመን አገሩ በየተራ እየተነሣ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ይለይ ነበር። ቅዱስ አባት ዘመድ ወዳድ ይሁኑ እንጂ ሞኝ አልነበሩም። ቤት ሲነድ ጢሱ ይሸታል። ስለዚህ ዘጠኝ የተማሩ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች መርጠው «በሽታው የት እንዳለ ፈልጉልኝ፤ አንዳች እንዳትደብቁ» ብለው አዘዟቸው። በቤቱ ውስጥ ይህን ከልባቸው ነው ብሎ ያመነ አልነበረም። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለው ካርዲናሎቹ ይሳሳቁ ነበር። ዘጠኙ ሰዎች ግን ጎርጉረው ጎርጉረው ያገኙትን ጽፈው ጨረሱ። ይነበባል የተባለው ሴትዮዋ በመጣች በማግስቱ ነበር። የቅዱስ አባት ዓይን ሞራ ስለ ጋረደው ወረቀቱን የሚያነበው ማን ሊሆን? አባ ማር።

የዘጠኙ አለቃ ከሲታ ሽማግሌ ነው። ጠዋት መጥቶ ጥቅሉን በእጁ ሰጠውና ለጥቂት ጊዜ ሳይለቀው ቆየ።

«እንደ ተጻፈ አንብበው፣ አባ ማር» አለው።

«መቼ ሌላ አንብቤ አውቃለሁ?» አለ አንባቢው። ልማዱ ነው የመለሰው እንጂ እሱ አልመለሰም።

ሽማግሌው ትክ ብሎ አየውና ጥቅሉን ለቀቀ።

አንባቢው እንደ ወትሮው ሻካራውን ቃል ቀድሞ ሊያይ ጥግ ይዞ ገለጠው። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ቅዱስ አባት ሆይ፥ ሐኪም እንድንሆን አዘዙን። በሽተኛውን ፈልገን ስንደርስ አልጋው የእርስዎ ሆኖ አገኘነው።» ዓይኑ ወደ ታች ወረደ፦ «በጎቹ እረኛ የላቸውም፤ እረኞቹ ሁሉ እርስዎ ቤት ማዕድ ላይ ናቸው።» ወረደ፦ «ቆቡን ለማይገባው ራስ የምትደፋ እጅ፣ የታመመችው እሷ ናት።» እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ሲነገር ቀርቶ ሲታሰብ ሰምቶ አያውቅም። ዙሪያውን ተመለከተ፤ ሰው ያየው መሰለው።

ከሁሉ የባሰው ምን ነበር መሰለሽ? የለሰለሰው ቃል ወዲያው መጣለት። ሳይጠራው መጣ። «ሐኪም እንድንሆን አዘዙን፤ እርስዎ ስለ በጎቹ ከማሰብ የተነሣ እንቅልፍ አጥተው አገኘንዎ።» እንዴት ያማረ ነው! ሁሉም ይደሰታል፣ ወረቀቱም ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ዘጠኙ ሰዎችም ወደየበዓታቸው ይመለሳሉ። ወደ አዳራሹ ሲሄድ በመስኮት ወደ በሩ ተመለከተ። ሴትዮዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሜዳልያውን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለዋለች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ቅዱስ አባት ከዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ በቀኛቸው ያ ጎረምሳ፣ በግራና በቀኝ ካርዲናሎቹ ተደርድረዋል። አንባቢው መሐል ቆመ።

«ቅዱስ አባት ሆይ፥ ሐኪም እንድንሆን አዘዙን» ብሎ ጀመረ። ድምፁ እንደ ወትሮው ያምር ነበር። «በሽተኛውን ፈልገን ስንደርስ…» አለና ቆመ።

«እህ?» አሉ ቅዱስ አባት። «ማንን አገኛችሁ? ቀጥል እንጂ።»

«…አልጋው የእርስዎ ሆኖ አገኘነው።»

ጎረምሳው ከት ብሎ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። «አባ ማር ዛሬ ኮምጣጤ ጠጥቶ መጥቷል!» አለ። ሁለት ሦስት ሰዎች አብረውት ሳቁ። አንባቢው ግን ቀና ሳይል ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደ፣ ወደ ሦስተኛው ወረደ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ስለ ቆቡ ሲደርስ ሳቁ ቀረ። አንዱ ካርዲናል አፉን በእጁ ያዘ። አንዱ ደግሞ ለጎረቤቱ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው እያለን ነው እኮ!» ብሎ አንሾካሾከ፤ ደንግጦ ስለ ነበር ሹክሹክታውን አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ጎረምሳው ፊቱ ከቆቡ በላይ ቀልቶ ተነሣ።

«አጎቴ ፊት! በራሳቸው ቤት! አስወጡት እንጂ ምን ታያላችሁ?»

ቅዱስ አባት እጃቸውን አነሡ። እሳቸውም ደንግጠዋል፤ ከንፈራቸው ነጥቷል። «ተቀመጥ» አሉት። ከዚያ ሞራ የጋረደው ዓይናቸውን ድምፁ ወደ መጣበት አዞሩ። «አንባቢ! ይህ ቃል ከወረቀቱ ነው ወይስ ከአንተ?»

«ከወረቀቱ ነው፣ ቅዱስ አባት» አለ። «ከእኔ የሆነውስ እስከ ዛሬ ያነበብኩልዎ ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

ተንበረከከ። የሴትዮዋን ደብዳቤ ነገራቸው፤ እንዴት እንዳነበበውና በእሱ ንባብ ሜዳልያው እንደ ተላከ። ስለ ልጇም ነገራቸው፤ ይፍታህን እየጠበቀ እንደ ሞተ። ቅዱስ አባት ሲሰሙ የዙፋኑን እጀታ ጨብጠው ነበር። «ከደብዳቤዎቹ ስንቱን ነው እንዲህ ያነበብክልኝ?» አሉት በመጨረሻ።

«ሁሉንም፣ ቅዱስ አባት።»

ሽማግሌ ሰው፣ የዕድሜው ማምሻ ደርሶ፣ ስለ ገዛ ቤቱ የሰማው ሁሉ ሐሰት እንደ ነበር ሲነገረው ምን ይላል? ቅዱስ አባት «መብራት አምጡ፤ ወረቀቱንም ለእኔ ስጡኝ» አሉ።

ሁሉም ሊያቃጥሉት ነው ብሎ አሰበ። ጎረምሳው ፈገግ አለ፤ ዘጠኙ ሰዎች አቀረቀሩ። አንባቢው በተንበረከከበት ወረቀቱ ወደ ነበልባሉ ሲቀርብ አየና ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ግን የሚነድ ነገር የለም። ቅዱስ አባት ቀይ ሰም በነበልባሉ እያቀለጡ በወረቀቱ ግርጌ ያንጠባጥባሉ። ዓይናቸው በቅጡ አያይምና አንዱ ጠብታ ጣታቸው ላይ ወደቀ፤ እጃቸውን አልሰበሰቡም። ከዚያ በጣታቸው ያለውን የዓሣ አጥማጁን የቅዱስ ጴጥሮስን ምስል የያዘ ቀለበት በሰሙ ላይ ጫኑ። የራሳቸውን ክስ በራሳቸው ማኅተም አተሙት።

«ይገልበጥና ይላክ» አሉ። «ጳጳሳት ሁሉ ይሰብሰቡ፤ በዚህ ላይ ይምከሩ፤ በእኔም ላይ ይምከሩ።» ወደ አንባቢው ዞረው ደግሞ «አንተን ምን እንደማደርግህ አላውቅም። ለጊዜው ግን ማንበብህን ቀጥል። እንደ ተጻፈ» አሉት።

አንባቢው ወጥቶ ወደ በሩ ሮጠ። ሴትዮዋ ተነሣች።

«ጳጳሱ ይመጣል?» አለችው።

ያማረ ቃል ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠው። «አላውቅም» አላት። «ደብዳቤሽ አልጠፋም፤ እኔ ነኝ አበላሽቼ ያነበብኩት። ዛሬ እውነቱን ሰምተዋል፤ ደንግጠዋልም። ከዚህ ወዲያ ያለውን አላውቅም።»

ልትሰድበው የምትችል ሴት ነበረች። «ከተማችሁ ከገባሁ እውነት የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው ነህ» አለችና የጫማዋን ገመድ አጥብቃ ሄደች።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ግን እንደ ተጻፈ ነው መናገር ያለብኝ። ወሩ ሳይሞላ ቅዱስ አባት ለዚያው ለእህታቸው ልጅ አራተኛ ሀገረ ስብከት ሰጡት። አዎ፣ እሳቸው ራሳቸው፤ ያን ወረቀት ባተመችው እጅ! ሹመቱን አንባቢው ነበር ያነበበው። አንብቦ ሲወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ታዲያ ያ ማኅተም ምን ነበር? ያ ሁሉ ምን ነበር?» አለ።

የታተመው ወረቀት ግን ሄዷል። ከበር የወጣ ደብዳቤ አይመለስም። ጳጳሳቱ ከየአገሩ ተጠራርተው በአንዲት የተራራ ከተማ ተሰበሰቡ። ተጨቃጨቁ፤ በሽታ ገባና ተበተኑ፤ እንደገና ተሰበሰቡ። ብዙ ዓመት ፈጀ። ቅዱስ አባት ፍጻሜውን ሳያዩ ሞቱ፤ የእህታቸውም ልጅ ቆቡን እንደ ደፋ ቀብራቸው ላይ ቆሞ ነበር። ጉባኤው ግን ጳጳስ ከበጎቹ ጋር ይኑር ብሎ ሕግ አወጣ። ቄስ የሚሆን ሰው አስቀድሞ ይማር፣ ለዚህም ትምህርት ቤት ይሠራ ብሎ ሕግ አወጣ።

አንባቢው ካረጀ፣ ጥርሱ ካለቀ በኋላ አንድ ደብዳቤ መጣለት። ወረቀቱ ሻካራ ነው፤ ጽሕፈቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሲፈታው የብር ሜዳልያ ጭኑ ላይ ወደቀ። በዓይኑ ቀድሞ አላየውም። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን፣ ጮክ ብሎ እንደ ተጻፈ አነበበው፦ «አዲሱ ቄሳችን ቃሉን ያውቃል። ሜዳልያውን መልሰናል፤ ተሳስቶ ነበር የመጣው።»

ልጄ ቴክላ፣ ይኸው ጥያቄሽ ላይ ደረስኩ። ትናንት ብርድ ልብሱን ስንጨምቅ «እማዬ፣ በቆሸሸ እጅ ልብስ ይታጠባል ወይ?» አልሽኝ። የደብራችን ወጣቶች ቅሬታቸውን ጽፈው እሑድ በሰበካው ሰብሳቢ ፊት እንድታነቢው መርጠውሻል። ሰብሳቢውም የቤተ ክርስቲያኑን ሥራ ሁሉ ለእህታቸው ልጆች የሰጡ እሳቸው ራሳቸው ስለሆኑ፣ «እሱ ሰምቶ ምን ሊያመጣ ነው? ለስለስ አድርጌ አንብቤው ልገላገል» አልሽኝ።

ያ አንባቢ አንቺ ነሽ። ያ ሽማግሌ አባት ሰብሳቢው ናቸው፤ «እሳቸው» በይ እንጂ «እሱ» አትበዪ፣ ቅሬታም በአክብሮት ይነበባል። ሴትዮዋ ደግሞ ከበር ውጭ ተቀምጠው የሚጠብቁት ሁሉ ናቸው። በቆሸሸ እጅ ልብስ አይታጠብም፤ እውነትሽን ነው። በር ግን ይከፈትበታል። እኒያ አባት በሩን ከፈቱ፤ የሚያጥበው ውሃ ገባ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አልነከሩበትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ሰውነቴ ይቀዘቅዛል። የእሳቸው ነገር ከአምላካቸው ጋር ነው። የአንባቢው ሥራ እጃቸውን ማጠብ አልነበረም፤ እውነቱን ሳያለሰልስ ማድረስ ነበር። ባያደርሰው ኖሮ የሚታተም ነገር አይኖርም ነበር።

ሰብሳቢው ያትሙት አያትሙት አላውቅም። ላለሰልስልሽ አልፈልግም፤ ሊቆጡሽም ይችላሉ። በይ አሁን ወረቀቱን ከቦርሳሽ አውጪና መጀመሪያ ለእኔ አንብቢልኝ። እንደ ተጻፈ።